ድንጉጧን ውሻ ከቤት ማላመድ

ሁሉም የመንገድ ውሻ ቤት አይፈልግም። ሥጋ ቤት ደጃፍ ተጋድሞ የሚውል፣ የሰፈር ልጆች ስም ያወጡለት፣ ሌሊት ከዘበኞች ጋር የሚያድር ውሻ ቤት አለው፤ ቤቱ ሰፈሩ ነው። እሱን አስከትበው እዚያው ቢተዉት ግቢ ውስጥ ከሚቆልፉበት ይሻለዋል። ይህ መመሪያ ስለ ሌላዋ ነው፦ ቱቦ ውስጥ ስለምትደበቀው፣ ቁራሽ ሲወረወርላት ቁራሹን ትታ ስለምትሸሸው፣ ሰው ጎንበስ ሲል ድንጋይ ሊያነሣ መስሏት ስለምትፈረጥጠው። «ሴት ናት፣ ትወልድብናለች» ተብላ ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ የተጣለች ቡችላ ልትሆን ትችላለች። ባለቤቶቿ ቤት ሲቀይሩ ጥለዋት የሄዱም ይሆናል።

እንዲህ ያለችውን ለመውሰድ ከቆረጡ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙ፤ የምትሸሽበት ያላት ውሻ መንከስ አያስፈልጋትም። የፈራ እንስሳ ይሸሻል፣ ደርቆ ይቆማል፣ ወይም ይናከሳል። ሽሽቱን ከከለከሉት ከቀሩት ሁለቱ አንዱን መምረጡ አይቀርም። በእኛ አገር ልማድ ግን አዲስ ውሻ ግቢ እንደገባች የሚደረገው የመጀመሪያ ነገር «እስክትለምድ» ብሎ በሰንሰለት ማሰር ነው። ድንጉጥ ውሻ ሰንሰለት ላይ ሆና የምትለምደው መናከስን ብቻ ነው።

ቤቱ ይሆናታል?

መጀመሪያ ዕድሜዋን ይወቁ፤ የእንስሳት ሐኪም ጥርሷን አይቶ ይገምትልዎታል። ውሻ ሰውን በቀላሉ የሚለምድበት ጊዜ ከተወለደ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ጆን ፖል ስኮት እና ጆን ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የብዙ ዓመታት ጥናታቸውን ሰብስበው በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ስለዚህ ጊዜ በስፋት አስረድተዋል። እንግዲህ የሁለት ወር ቡችላ ምንም ብትደነግጥ ብዙ ሳትቆይ እጅዎን ትልሳለች። በዚያ ዕድሜዋ የሰው እጅ ሳይነካት አድጋ አሁን ሁለት ዓመት የሞላት ግን ሌላ ጉዳይ ናት። ዓመት ሊፈጅባት ይችላል፤ ከዚያም በኋላ የእርስዎ ወዳጅ ትሆን እንደሆነ እንጂ የእንግዳ ሁሉ ወዳጅ አትሆንም። ለግቢ ጥበቃ ከሆነ የሚፈልጓት ይተዉት። ድንጉጥ ውሻ ሌባ ሲመጣ የምትገባው አልጋ ሥር ነው።

ቀጥሎ ቤትዎን ይመልከቱ። ገና መራመድ የጀመረ ሕፃን ያለበት፣ እንግዳ የማያጣ ወይም ግንባታ ላይ ያለ ግቢ ለእንዲህ ያለች ውሻ ጭንቅ ነው። ኮንዶሚኒየም ለቡችላ ይሆናል፤ ለጎልማሳ ድንጉጥ ውሻ ግን አልመክርም። ለመሽናት በወጣች ቁጥር ጠባብ ደረጃ ላይ ከጎረቤት ጋር ፊት ለፊት ትጋጠማለች፤ ዞር የምትልበት የለም። ረጋ ያለ፣ ሰው የሚወድ ሌላ ውሻ ያለበት ግቢ ግን ትልቅ ዕድል ነው። ከእርስዎ ይልቅ እሱን እያየች ትማራለች።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ደግሞ አለ። በብዙ ቤት ውሻዋን የምታበላው የቤት ሠራተኛዋ ናት። እሷ ውሻ የምትፈራ ከሆነች፣ ወይም ሳትጠየቅ ሥራ ከተጨመረባት፣ ዕቅዱ ገና ከጅምሩ ይበላሻል። ቀድመው ያማክሯት፤ ውሻዋ መጀመሪያ የምታምነውም እሷን ሊሆን ይችላልና አይቅኑ። ዘበኛ ካለ ዱላውን ውሻዋ ከምታልፍበት እንዲያርቅ ይንገሩት። ባይመታትም ማየቷ ይበቃል፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ።

ወሩም ወሳኝ ነው። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለው ጊዜ ውሻ ለማላመድ የከፋ ነው። ለቡሄ ጅራፍ ይጮኻል፣ ሆያ ሆዬ ባዮች በር ላይ በዱላ መሬት ይደበድባሉ፣ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ እና ለደመራ ርችት ይተኮሳል። ከቻሉ ጥቅምትን ይጠብቁ።

ከመምጣቷ በፊት

መደበቂያዋ ቀድሞ ይሠራ። የውሻ ቤቱን ግን ከቆርቆሮ አይሥሩት፤ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ከሰው ይልቅ አጥርቶ ለሚሰማ ጆሮ ከበሮ ነው። ጣውላ ይሁን፤ በብሎኬት ከመሬት ከፍ ይበል፤ ገለባ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ይነጠፍበት። 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ላለችው አዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቀላል አይደለም። ቤቱ ሰው የማያልፍበት ጥግ ይቀመጥ፤ መግቢያውም ወደ ጎን ይዙር፤ ከውስጥ ሆና የሚመጣውን ማየት ትችላለች፣ እሷ ግን አትታይም። ቤት ውስጥ የሚያስገቧት ከሆነ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ሥር ይበቃታል።

ከዚያ አጥሩን ይዙሩት። የውኃ መውረጃ ቀዳዳ፣ በበሩ ሥር ያለ ክፍተት፣ ከግንቡ የተጠጋ የድንጋይ ክምር፣ ሁሉንም ይዝጉ፣ ያንሡ። የፈራች ውሻ ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው አካሏ ያልፋል።

ወደ ቤት ሲያመጧት በመንገድ ላይ ክሊኒክ ማድረስ ይሻላል፤ ቤት ከገባች በኋላ ሌላ ጉዞ ሌላ ድንጋጤ ነው። በማዳበሪያ ከረጢት አፍኖ ማምጣት የተለመደ ቢሆንም የከረጢቱን ሽታ ከእርስዎ ጋር አያይዛ ታስቀምጠዋለች። ጠንካራ ካርቶን ወይም የውሻ ማጓጓዣ ሣጥን ይፈልጉ፤ ከላይ ጨርቅ ያልብሱት። ሳታይ ስትቀር ትረጋጋለች።

ክሊኒክ ውስጥ የትል መድኃኒት፣ የቁንጫና የመዥገር መድኃኒት፣ ፓርቮና ዲስቴምፐር ለተባሉት የውሻ በሽታዎች ክትባት ይጠይቁ። ከሁሉ በላይ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፤ በየዓመቱም ይደገማል። ልብ ይበሉ፣ ቫይረሱ ምልክት ሳያሳይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ ዛሬ መከተቧ ትናንት አልተያዘችም ማለት አይደለም። ድንጉጥ ውሻ ከሰው ትሸሻለች። ባሕርይዋ ግን በድንገት ተለውጦ ያለ ምክንያት ሰውና ዕቃ መንከስ ከጀመረች፣ ድምፅዋ ከሻከረ፣ መንጋጋዋ ወርዶ ለሐጯ ከተዝረከረከ፣ መራመድ ካቃታት፣ አይጠጓት፤ ሐኪም ይጥሩ። ከነከሰችዎት ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠቡት፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። አዲስ አበባ ውስጥ ለረጅም ዘመን የዚህን በሽታ ክትባት ሲያዘጋጅ የኖረው ጉለሌ ያለውና ሕዝቡ እስከ ዛሬ ፓስተር የሚለው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ውሻዋን አይግደሏት፤ 10 ቀን ዘግተው ይከታተሏት። በእነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆና ከቆየች በነከሰችበት ሰዓት ለሐጯ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። እርስዎ ግን ለመታከም 10ሩን ቀን አይጠብቁ።

ማምከኑ ግን ይቆይ። ከ6 ወር ዕድሜ በኋላ፣ ትንሽ ካመነችዎት ወዲያ ቢሆን ይመረጣል፤ ቢሾፍቱ ካለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሆስፒታል አንሥቶ በአዲስ አበባ እስካሉት የግል ክሊኒኮች ድረስ ማማከር ይችላሉ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ሣጥኑን ከመደበቂያዋ አጠገብ አስቀምጠው ይክፈቱና ዘወር ይበሉ። አይጎትቷት፤ ራሷ ትውጣ። ምግብና ውኃ አስቀምጠው ይሂዱ። ሌሊት ሰው ሲተኛ ወጥታ ትበላለች፣ ግቢውን ታሸታለች፤ ጠዋት ሳህኑ ባዶ ሆኖ ካገኙት ሥራው ተጀምሯል። ልጆችን፣ ዘመድን፣ «እስቲ ልያት» ባይ ጎረቤትን ለጊዜው ይከልክሉ። ይህ ለእንግዳ ተቀባይ ባህላችን ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አንድ ሳምንት ማንንም አይገድልም።

በውጭ አገር የውሻ መጠለያዎች የሚነገር መለኪያ አለ፦ ለመረጋጋት 3 ቀን፣ የቤቱን ሥርዓት ለመልመድ 3 ሳምንት፣ ቤቴ ነው ለማለት 3 ወር። ከልምድ የተወሰደ ግምት ነው፤ ለድንጉጥ ውሻ እያንዳንዱን በእጥፍ ቢያስቡት አይከፋም።

በእነዚህ ቀናት የሚጠበቅብዎ በየቀኑ አንድ ዓይነት ሰው መሆን ነው። በአንድ ሰዓት ያብሏት፣ በአንድ መንገድ ይምጡ፣ ከመድረስዎ በፊት በአንድ ዓይነት ቃል ወይም ፉጨት ያሳውቋት። የሚመጣውን አስቀድማ ካወቀች የምትፈራው ይቀንሳል። ከእሷ አጠገብ ዕቃ ከመሬት ሲያነሡም አስቀድመው ጎን ይዙሩ፤ ጎንበስ ማለት በእሷ ዘንድ ድንጋይ ነው።

እንድትቀርብ ማድረግ

ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ሥጋ በእጁ ይዞ «ነይ፣ ነይ» እያለ ያባብላታል። ረኃብ ይጎትታታል፣ ፍርሃት ይገፋታል፤ አንገቷን አስግጋ፣ የኋላ እግሯን ለሽሽት አዘጋጅታ ትመጣለች። ሥጋው ሲያልቅ ግን ከምትፈራው ሰው ፊት ራሷን ታገኘዋለች፤ ያኔ ትደነግጣለች፣ አንዳንዷም ትነክሳለች።

በ1924 እ.ኤ.አ. ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ሕፃን ፍርሃቱን እንዲተው ረድታው ነበር። ልጁ የሚወደውን ሲበላ ጥንቸሉ በርቀት ይቀመጣል፤ ሳይረበሽ ከበላ በሌላ ጊዜ ጥቂት ይጠጋል። በመጨረሻ ፒተር ጥንቸሉን ዳሰሰው። የዛሬ አሠልጣኞች ለድንጉጥ ውሻ የሚያደርጉት ከዚህ አይርቅም። ወደሚፈራው ነገር ሄዶ እንዲበላ ልጁን ያስገደደው አልነበረም፤ የሚፈራው እያለ በሰላም መብላቱ ነው ያዳነው።

እርስዎ ጥንቸሉ ነዎት። ስለዚህ ጎንዎን ሰጥተው መሬት ላይ ወይም ዱካ ላይ ይቀመጡ፤ ዓይኗን አይዩ፤ ጋዜጣ ያንብቡ፣ ሽንብራ ይልቀሙ። የተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል ትንንሽ ቆርጠው ይያዙና ከእሷ ወደ ኋላ ይወርውሩት። ወደ እርስዎ ሳይሆን ወደ ኋላዋ። ቁራሹን ለመብላት ትርቃለች፣ መራቋም እፎይታ ነው፤ በልታ ስትጨርስ ዞር ብላ ታይዎታለች፣ አንድ እርምጃ ወደ እርስዎ ትራመዳለች። ያንን እርምጃ ማንም አላዘዛትም። እንደገና ወደ ኋላዋ ይወርውሩ። አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ገና መብላት እየፈለገች ተነሥተው ይሂዱ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ቢያደርጉ ርቀቱ በራሱ ያጥራል። አንድ ቀን መጥታ ጫማዎን ታሸታለች፤ እጅዎን አይዘርጉ፤ ጨርሳ ትሂድ።

ጭንቀቷን ማንበብ ይማሩ። ጭራዋን በእግሮቿ መካከል መቅበሯን ሁሉም ያውቀዋል። ከዚያ በፊት የሚመጡት ናቸው የሚያመልጡን፦ ሳትራብ ከንፈሯን መላሷ፣ እንቅልፍ ሳይመጣባት ማዛጋቷ፣ ፊቷን አዙራ በዓይኗ ጫፍ ማየቷ፣ የዓይኗ ነጭ መታየቱ፣ እስትንፋሷን ይዛ ደርቃ መቆሟ። አንዱን ካዩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይበሉ። ካጉረመረመች ደግሞ አይቆጧት። ማጉረምረም «እባክህ ራቅ» ማለቷ ነው፤ ባጉረመረመች ቁጥር የተመታች ውሻ ማስጠንቀቁን ትታ በቀጥታ መንከስ ትጀምራለች።

ለመዳሰስ ጊዜው ሲደርስ ከራሷ በላይ እጅ አያንሡ። ከአገጯ ሥር ወይም ደረቷን ለሦስት ሰከንድ ያህል ይከኩና ያቁሙ። ከቀረበች ይቀጥሉ፤ ከራቀች መልሱን ሰጥታዎታለች።

ስለ ምግቧ

የወጥ ፍትፍት አይስጧት። ቀይም ነጭም ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፤ ቢቁላላም ጉዳቱ አይቀርም፤ ሽሮውም ወጡም ያለ ሽንኩርት አይሠራም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ሩዝ ወይም ድንች ያለ ቅመም ተቀቅሎ ከሥጋ ጋር ቢሰጣት ጥሩ ነው። በበዓል ዕርድ ጊዜ ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ከታየ ለውሻ መወርወር ልማድ ነው፤ ይህ መቅረት አለበት። እብጠቱ የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል እጭ ነው፤ በውሻዋ አንጀት ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሯ ወደ ልጆች እጅ ይደርሳል፣ በሰው ጉበትና ሳንባም ያንኑ እብጠት ያወጣል። ይቅበሩት፣ ጥልቅ አድርገው። ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒትም በሐኪም ምክር በየጊዜው ይስጧት።

ጾመኛ ቤት ከሆነ ሁዳዴ 55 ቀን መሆኑን ቀድመው ያስቡ። ልኳንዳ ቤቶች በብዛት ይዘጋሉ፣ ድስት ላይ ሥጋ አይወጣም፣ ገና ማመን የጀመረች ውሻ በድንገት የምትወደው ይቋረጥባታል። ሥጋ ቀቅለው በማቀዝቀዣ ያስቀምጡ፤ ለእሷ የሚሆን ለብቻ ድስት ይኑር።

በሩ፣ ገመዱ፣ እንግዳው

ለድንጉጥ ውሻ ከቤቱ ሁሉ አደገኛው ቦታ የግቢው በር ነው። መኪና ሲገባ፣ ቆራሌው ሲጣራ፣ እንግዳ ሲያንኳኳ፣ በሩ ከመከፈቱ በፊት ውሻዋ የት እንዳለች የማየት ኃላፊነት የአንድ ሰው ይሁን። ወደ ውጭ ለማውጣት አይቸኩሉ። የአንገት ማሰሪያ ብቻ ከሆነ ወደ ኋላ ስትጎትት ጭንቅላቷ ይሾልካል፤ ደረቷን የሚይዝ ማሰሪያ ይጨምሩ፤ ገመዱንም መጀመሪያ ግቢ ውስጥ እየጎተተችው እንድትለምደው ያድርጉ።

ካመለጠች አይሩጡባት፤ ልጆችንም አይላኩ። ሰው ሲያባርራት ሰፈር ትለቃለች፤ ካልተነካች ግን አብዛኛውን ጊዜ ቅርብ ቦታ ትደበቃለች። የተኛችበትን ብርድ ልብስና ምግቧን በሩ አጠገብ ያስቀምጡ፣ ለጎረቤትና ለዘበኞች «ካያችኋት አትጥሯት፣ ንገሩኝ ብቻ» ይበሉ፣ ሌሊቱን በሩን ገርበብ አድርገው ሰው ያስቀምጡ።

እንግዳ ሲመጣ ወደ መደበቂያዋ ትሂድ፤ ማንም ተከትሎ አይሂድ። ለልጆች አንድ ሕግ ይበቃል፦ ቤቷ ውስጥ ስትሆን የለችም። ርችት በሚተኮስበት ቀን አስቀድመው ቤት ያስገቧት፣ መስኮት ይዝጉ፣ ሬዲዮ ይክፈቱ። እየተንቀጠቀጠች ወደ እርስዎ ከተጠጋች ያቅፏት፤ ፍርሃቷን ያባብሰዋል የሚባለው እውነት አይደለም።

ለሌላ ሰው የሚሰጧት ከሆነ

አላምደው ለሌላ ቤት ለመስጠት ያሳደጓት ከሆነ እውነቱን ይናገሩ። «ትንሽ ዓይን አፋር ናት» ብለው አያሳምሩ፤ ምን እንደምትፈራ፣ ምን እንደሚያረጋጋት፣ በማን እጅ እንደምትበላ ይዘርዝሩ። «ትጮኻለች? ሌባ ትይዛለች?» ብሎ ለሚጠይቅ አይስጡ። የምትወሰደውም በአንድ ቀን አይሁን፤ ሰውየው ጥቂት ጊዜ እየመጣ ከእርስዎ ግቢ ተቀምጦ ወደ ኋላዋ ቁራሽ ይወርውር፣ ከዚያ ይውሰዳት። ብርድ ልብሷ ሳይታጠብ አብሯት ይሂድ። «ካልሆነላችሁ ወደ እኔ ትመለስ እንጂ ወደ መንገድ አትጣል» የሚለውን ደግሞ ቃል ያስገቧቸው፤ ቢጻፍ ይሻላል። የክትባት ካርዷንም የሚቀጥለው የእብድ ውሻ ክትባት የሚደርስበት ቀን ተጽፎበት በእጃቸው ያስረክቡ።